ለዶርም በር ቁልፍ ይሻላል ወይስ ካርድ?

ወጪ፦ ቁልፍ ርካሽ ነው። ካርድ ማንበቢያ መሣሪያና ጥገና ይፈልጋል።

ቢጠፋስ? ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የጠፋ ካርድ እንዳሳወቃችሁ ከሲስተሙ ሊሰረዝ ይችላል። የጠፋ ቁልፍ ግን ማን እጅ እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ ሌላ ማስቀረጽ ብቻውን አይበቃም፤ የበሩ መቆለፊያ ራሱ መቀየር አለበት። ብዙ ተማሪ ይህን ችላ ይላል። እባካችሁ ችላ አትበሉት።

መብራት ሲጠፋ፦ ቁልፍ ምንም አይሆንም። የካርዱ ማንበቢያ ግን ባትሪ ከሌለው ያስቸግራል። በእሳት ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ ካርድ መከፈት አለባቸው።

ብዙ ሰው ለሚመላለስበት የሕንፃው ዋና በር ካርድ እመርጣለሁ፤ ከኋላችሁ ተከትሎ የሚገባን ግን አያስቆምም። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ለተከራዩት ቤት ጠንካራ ቁልፍ ይበቃል፤ ስትገቡ የቀድሞውን መቆለፊያ አስቀይሩት።