ጋርሚን ቫሪያ 515 የኋላ ራዳር፦ በኢየዚ የወይን ኮረብቶች ላይ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

መኪና በማይበዛበት የገጠር መንገድ ላይ ለሚነዳ ብስክሌተኛ ከኋላ የሚመጣ መኪና የሚያሳውቅ ራዳር ምን ይፈይድለታል? ቫሪያ አርቲኤል 515ን ከገዛሁ ጀምሮ ይህን ያልጠየቀኝ የብስክሌት ጓደኛ የለም። ብርዱንም ሙቀቱንም አብሬው ካሳለፍኩ በኋላ መልሴ አንድ ነው። ይህ ዕቃ ዋጋውን የሚያወጣው ከከተማ ይልቅ ጭር ባለ መንገድ ላይ ነው። ከኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ መኪና ስክሪን ላይ በነጥብ ይታያል፤ ከተማ ውስጥ ስክሪኑ ከነጥብ ስለማይጸዳ ትንሽ ቆይቶ ማየቱ ይሰለቻል። ማንም በማያልፍበት ዳገት ላይ ግን አንዲት ነጥብ ብቅ ስትል ወዲያው ልብ ትሏታላችሁ።

የምነዳው ጣሊያን ውስጥ፣ ማርኬ በሚባለው ክልል፣ ከአንኮና ወደ ምዕራብ ገባ ብላ ባለችው በኢየዚ ከተማ ዙሪያ ነው። አካባቢው የቨርዲኪዮ አገር ነው። ይህ ነጭ የወይን ጠጅ ከ1968 ጀምሮ በቦታው ስም በሕግ ተጠብቋል። ኢየዚ ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ኩፕራሞንታና ስትደርሱ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ሲሰሙት ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን አንዱን ኮረብታ ወጥታችሁ ሳትጨርሱ መንገዱ ወደ ሸለቆ ያወርዳችሁና እንደገና ያስወጣችኋል። ስታፎሎ፣ ማዮላቲ፣ ሞንቴካሮቶ፣ ሞሮ ዳልባ፣ ሁሉም ኮረብታ አናት ላይ የተቀመጡ ጥንታዊ መንደሮች ናቸው። ፈጣኑ ትራፊክ በኤሲኖ ወንዝ ሸለቆ በተዘረጋው አውራ ጎዳና በኤስኤስ 76 ስለሚያልፍ የላዩ መንገድ ለገበሬው፣ ለፖስተኛውና ለእኛ ይተርፋል። አብዛኛው ብስክሌተኛ ወደ ቶስካና፣ ወደ ኪያንቲ ይሄዳል። እኔ ግን ለጸጥታው ስል ማርኬን በምንም አልለውጥም።

የእኛ ሰው ኢየዚን ካወቃት በቢኒያም ግርማይ ነው። ኤርትራዊው ቢኒያም እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2022 ከፔስካራ ኢየዚ በተደረገው የጂሮ ዲታሊያ (የጣሊያን ታላቁ የብስክሌት ውድድር) 10ኛ ዙር፣ ማለትም የአንድ ቀን ጉዞ፣ ማቲው ቫን ደር ፑልን ቀድሞ ገባ። ከታላላቆቹ ሦስት የብስክሌት ውድድሮች በአንዱ ዙር በማሸነፍም የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። መድረክ ላይ የከፈተው የፕሮሴኮ ጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መትቶት በማግስቱ ከውድድሩ መውጣቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። የዚያን ቀን መንገዱ ለተወዳዳሪዎቹ ተዘግቶ ነበር። ለእኛ ግን ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ከኋላችን ያለውን ራሳችን ማወቅ አለብን።

ዕቃው 71 ግራም ነው፤ ከኮርቻው ሥር በዘንጉ ላይ ይታሰራል። ቀይ መብራትና ራዳር በአንድ ላይ ነው። እስከ 140 ሜትር ድረስ ከኋላ የሚቀርበውን መኪና ለይቶ በመሪው ላይ ባለው ኮምፒውተር ወይም በስልክ ያሳያል። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ነጥቧ ከታች ወደ ላይ ትወጣለች፣ ድምፅም ይሰማል። መኪናው በጣም ፈጥኖ ከመጣ ቀለሙ ወደ ቀይ ይለወጣል። መብራቱም መኪና ሲቀርብ አበራሩን ስለሚቀይር የሾፌሩን ዓይን ይስባል። ጊዜውን ላስላላችሁ። እኔ ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ መኪናው በ70 ቢመጣ፣ 140 ሜትር ማለት ስምንት ሰከንድ ገደማ ነው። ስምንት ሰከንድ ደግሞ ሳይደነግጡ ቦታ ለመያዝ ይበቃል።

ቦታ መያዝ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የዕቃው ትልቁ ጥቅም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የማርኬ ኮረብታ አፈሩ ዋልካ ነው። ዝናብ ሲጠግብ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱም አብሮት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ በቁልቁሉ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ፣ መንገዱን ተከትሎ በርዝመቱ ይሄዳል። የ28 ሚሊ ሜትር ጎማ ገብቶ የሚቀረቀርበት ስፋት ያለው አለ፤ ሣር በቅሎበት ከሩቅ የማይታይም አለ። ስለዚህ ብስክሌተኛ በቀኝ ጠርዝ ይንዳ የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ጤነኛው አስፋልት ወደ መሐል ነው። ቀደም ሲል መሐሉን ይዤ ስወጣ በየደቂቃው አንገቴን አዞር ነበር፤ 12 በመቶ ዳገት ላይ አንገት ማዞር ደግሞ መስመር ያስታል፣ ትንፋሽም ይቆርጣል። አሁን ጤነኛውን አስፋልት ይዤ እወጣለሁ፣ ድምፁን ስሰማ አንዴ ዞር ብዬ አያለሁ፣ ወደ ቀኝ እጠጋለሁ፣ መኪናው ሲያልፍ እመለሳለሁ። ጭር ባለ መንገድ የምሄደው ወይኑን፣ ከሩቅ የሚታየውን የሳን ቪቺኖ ተራራ እያየሁ ለመንዳት ነው፤ ይህንን ነው መልሶ የሰጠኝ።

ጆሮ ይበቃል የሚሉኝ አሉ። ለአፔ ይበቃል፤ ይቺ የፒያጆ ባለሦስት እግር የባጃጃችን ዘመድ ናት፣ ገና ሁለት ኩርባ ሲቀራት ትሰማለች። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን አይበቃም። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 45 ስትወርዱ ጆሯችሁ ውስጥ ከነፋስ ሌላ ምንም የለም። ከአድሪያቲክ ባሕር የሚመጣው ነፋስ ከፊት ሲሆን ደግሞ ሜዳ ላይም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደማይችለው ልምጣ። ይህ የዚህ ሞዴል ጉድለት አይደለም፤ የራዳር ባሕርይ ነው። ራዳር ኩርባ ዞሮ አያይም። ከስታፎሎ በታች ያሉትን ዓይነት ጥምዝ መንገዶች ላይ መኪናው የሚታየው ኩርባውን ሲጨርስ ነው፤ 140 ሜትሩ 40 ሜትር ይሆንና ስምንቱ ሰከንድ ወደ ሁለት ከምናምን ይወርዳል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ስክሪኑ ባዶ ስለሆነ ብቻ መሐሉን አልይዝም። ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጥ ያታልላል። መሣሪያው የሚያየው የሚቀርባችሁን ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ መኪና ከኋላችሁ ደርሶ በእናንተው ፍጥነት ከተከተላችሁ ነጥቧ ልትጠፋ ትችላለች፤ መኪናው ግን እዚያው፣ ጥቂት ሜትር ላይ አለ። ስለዚህ ነጥብ ታይታ መኪና ሳያልፋችሁ ከጠፋች፣ ዞር ብላችሁ ሳታዩ መስመር አትቀይሩ። ሌላው፣ ከጓደኛ ጋር ስትነዱ ከኋላ የሚጠጋው ጓደኛ እንደ መኪና ሊቆጠር ይችላል። በቡድን ስንወጣ ራዳሩን የሚያበራው መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል።

በሴፕቴምበር የወይን ለቀማው ሲጀመር መንገዱ ጸጥታውን ያጣል። ትራክተሮች ተሳቢ ሙሉ ወይን ይዘው ከማሳ ይወጣሉ፣ ጎማቸው ያመጣው ዋልካም አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ከዝናብ በኋላ ያ ጭቃ የኋላ ጎማዬ እያነሣ መብራቱን ይለብጠዋል። ራዳሩ በጭቃው ውስጥም መኪናውን ሲነግረኝ ቆይቷል፤ መብራቱ ግን በጣም ይደበዝዛል። ቆም ብላችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ሾፌሩ የሚያየው መብራቱን እንጂ ራዳሩን አይደለም። ውኃ የመቋቋም ደረጃው አይፒኤክስ 7 ስለሆነ ዝናብ አያሳስብም፤ የቻርጅ ቀዳዳው የላስቲክ ክዳን መግጠሙን ብቻ አረጋግጡ። ባትሪው በቀን ብልጭታ 16 ሰዓት፣ በማይቆራረጥ ብርሃን 6 ሰዓት ነው የሚባለው። እኔ ሁልጊዜ የቀኑን ብልጭታ ስለምጠቀም በሳምንት አንዴ ቻርጅ አድርጌው አልቆብኝ አያውቅም።

ከኢየዚ ብዙ ሳይርቅ ፊሎትራኖ አለች፣ የሚኬሌ ስካርፖኒ አገር። የ2011 የጂሮ ባለድል ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2017 በዚያችው ከተማ ጠዋት ልምምድ ላይ ሳለ በመስቀለኛ መንገድ ቫን ገጭቶት ሞተ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። የኋላ ራዳር መስቀለኛ መንገድ ላይ ከፊትና ከጎን ለሚመጣ መኪና ምንም አያደርግም፤ ይህን ሳያውቅ የሚገዛው ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ የጣሊያን የመንገድ ሕግ ብስክሌተኛን የሚቀድም ሾፌር፣ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ፣ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። በእነዚህ ጠባብ መንገዶች «እስከፈቀደ» የምትለዋ ቃል ብዙ ታሳልፋለች፤ ስለዚህ ቦታዬን አስቀድሜ መያዜ ለእኔ ከሕጉ ይቀድማል።

ዋጋው 200 ዩሮ ገደማ ነው፤ ለኋላ መብራት ብዙ ነው። ብስክሌታችሁ ደካማ ፍሬን ወይም ያለቀ ጎማ ካለው መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። የምትነዱት ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ጥሩ መብራት ይበቃችኋል። ብቻችሁን ገጠር የምትወጡ ከሆነ፣ በተለይም አንገታቸውን እንደልብ ማዞር ለሚያስቸግራቸው ታላላቆቻችን፣ ያለማመንታት እመክራለሁ። ኮምፒውተር ከሌላችሁ በስልክም ይሠራል፤ ስልኩን ኪስ ውስጥ ትታችሁ ድምፁን ብቻ መስማት ይበቃል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ቻርጁ በድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ መሆኑ ነው፤ ለጉዞ ስወጣ ለእሱ ብቻ ስል ተጨማሪ ገመድ እይዛለሁ።