ገንዘቡ ወይስ ስሙ?

አንድ የባሕር ዳር እግር ኳስ ተጫዋች የጣናን ሐይቅ ልርዳ ቢል ሁለት መንገድ አለው፦ ከደመወዙ ቆርጦ መስጠት ወይም በስሙ ሰው ማሰባሰብ።

ገንዘብ አይዞርም፣ በቀጥታ ይደርሳል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ የተባለ የውሃ አረም የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲጎትት ኖሯል። ቦቲው፣ ጓንቱና የጀልባው ነዳጅ በጭብጨባ አይገዛም። ግን የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ጉልበቱ ሲከዳው ልግስናውም ይቆማል።

ስም ይሰነብታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ እሱ ውድድር ካቆመ በኋላም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቡን ቀጥሏል። ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ቢደረግ፣ የመግቢያው ገቢ ከአንድ ተጫዋች ኪስ ሳይበልጥ አይቀርም።

ለእኔ ስሙ ያመዝናል። ለፎቶ አንድ እቅፍ ነቅሎ የሚሄደውን ግን (አሉ እንዲህ ዓይነቶቹም!) አልቆጥርም። የተነቀለው እምቦጭ ከዳር ርቆ ካልደረቀ ጎርፍ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ስሙን የሚሰጥ ተጫዋች ጥሪውን በየዓመቱ ከክረምት ማግስት ይድገም፤ የትኬቱ ብር ምን እንደተገዛበትም ደረሰኝ ይጠይቅ።