ሲሙሌተር፣ ኢሙሌተር ወይስ የኤፍፒጂኤ ፕሮቶታይፕ? ለቺፕ ፍተሻ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ቺፕ ወደ ፋብሪካ ከተላከ በኋላ የተገኘ ስህተት እንደ ሶፍትዌር በማግስቱ አይታረምም። በ1994 ይፋ የወጣው የፔንቲየም የማካፈል ስህተት መነሻው አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ የጎደሉ ጥቂት ቁጥሮች ነበሩ፤ ኢንቴልን ግን 475 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ንድፍን ሳይላክ በፊት ለመፈተሽ ገበያው ላይ ሦስት መንገዶች አሉ፦ ንድፉን በኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር የሚያስመስል ሲሙሌተር፣ ንድፉን ለፍተሻ በተዘጋጀ ትልቅ ማሽን ላይ የሚያስኬድ ኢሙሌተር፣ እና ንድፉን በኤፍፒጂኤ (ውስጡ እንደገና ሊቀናበር በሚችል ቺፕ) ላይ ጭኖ የሚያስሮጥ የፕሮቶታይፕ ሰሌዳ፤ ሻጮችም ሦስቱን በዋናነት በፍጥነት ያወዳድሯቸዋል። እኔ በእነዚህ መሣሪያዎች ስሠራ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ስህተቱ ሲከሰት ምን ያህሉን ማየት እችላለሁ?

ፍጥነቱን ችላ በሉ ማለቴ አይደለም። ስርዓተ ክወናን ለማስነሳት 1 ቢሊዮን የክሎክ ምት (ቺፑ ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚራመድበት ምት) ያስፈልጋል እንበል። ትልቅ ንድፍ በሲሙሌተር ላይ በሴኮንድ 1 ሺህ ምት ቢራመድ (ብዙ ጊዜ ከዚህም ያንሳል) ሥራው 11 ቀን ተኩል ይፈጃል። በ1 ሜጋኸርትዝ (በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ምት) የሚሄድ ኢሙሌተር በ17 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። በ20 ሜጋኸርትዝ ለሚሄድ የኤፍፒጂኤ ፕሮቶታይፕ 50 ሴኮንድ ይበቃዋል። ቺፑ ሳይመጣ ሶፍትዌሩን መጻፍ ለሚፈልግ ቡድን ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ስለ ሲሙሌተር ብዙ የሚባል የለም፤ የማይቀር ወጪ ነው። ቪሲኤስ፣ ኤክሴሊየም ወይም ኩዌስታ ብትገዙ በንድፉ ውስጥ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ምልክት (ሲግናል) ታያላችሁ፤ አንድ መስመር አርማችሁም በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ታስነሣላችሁ። ቬሪሌተር በነጻ የሚገኝ ፈጣን መሣሪያ ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው 0 እና 1ን እንጂ «ያልታወቀ» የሚባለውን ዋጋ ስለማይከታተል ብቻውን በቂ አይደለም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኢሙሌተርና ፕሮቶታይፕ ግን በእርግጥ የሚያስመርጡ ናቸው። የካደንስ ፓላዲየምና የሲመንስ ቬሎቼ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተሠሩ ቺፖች ላይ ይሄዳሉ፤ የሲኖፕሲስ ዜቡ በኤፍፒጂኤ ላይ የቆመ ኢሙሌተር ነው። በፕሮቶታይፕ በኩል የሲኖፕሲስ ሃፕስ፣ የካደንስ ፕሮቲየምና የሲመንስ ፕሮኤፍፒጂኤ አሉ። የፕሮቶታይፕ ሰሌዳ ልቡ ትልቅ ኤፍፒጂኤ ነው፦ በ2019 ይፋ የሆነው ቪዩ19ፒ 9 ሚሊዮን የሎጂክ ሴል (ንድፉ የሚጫንበት ትንሽ ክፍል) አለው፤ በ2023 የመጣው ቪፒ1902 ደግሞ 18.5 ሚሊዮን። ቁጥሩ አያታልላችሁ። ኤፍፒጂኤን እስከ አፉ ከሞላችሁት ኮምፓይሉ (ንድፉን ለኤፍፒጂኤው የማዘጋጀቱ ሥራ) ወይ አያልቅም፣ ወይም የሚወጣው ፍጥነት ያሳፍራል፤ እኔ ከ60 በመቶ በላይ አላቅድም።

ንድፉ በአንድ ኤፍፒጂኤ ካልገባ መከፋፈል ግድ ነው፤ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ቪዩ19ፒ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ የግብዓትና የውጤት እግሮች ሲኖሩት፣ በተቆረጠው መስመር የሚሻገሩት ምልክቶች በአሥር ሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ምልክቶች ተራ በተራ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። በአንድ ኤፍፒጂኤ 100 ሜጋኸርትዝ የተባለላችሁ ሰሌዳ በአራት ሲከፈል ምን ያህል እንደሚሄድ ለይታችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ማየቱ ልምጣ። አንድ ጊዜ በአራት ኤፍፒጂኤ የተከፈለ የኔትወርክ ቺፕ ስንፈትሽ፣ በ20 ሜጋኸርትዝ ከ40 ደቂቃ ሩጫ በኋላ ፓኬቶች (የመረጃ ጥቅሎች) መንቀሳቀስ አቆሙ። በኤፍፒጂኤው ውስጥ የሚቀመጠው ምልክት መቅጃ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 131,072 ምት ነው፤ በእኛ ፍጥነት 6.5 ሚሊሴኮንድ ያህል ማለት ነው። 1,000 ምልክት በዚህ ጥልቀት እንቅረጽ ብንል 131 ሚሊዮን ቢት ይፈልጋል፤ የቪዩ19ፒ ብሎክ ራም (በውስጡ ያለው ማኅደረ ትውስታ) በሙሉ ከ80 ሚሊዮን በታች ነው። ስለዚህ ጥቂት ምልክቶችን እየመረጥን ሌሊቱን ኮምፓይል እናደርጋለን፤ ጠዋት የመረጥናቸው ምልክቶች ንጹሕ ሆነው ይገኛሉ፤ እንደገና ሌሎችን እንመርጣለን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን። ሳምንት አለፈ።

በመጨረሻ የቀረጽነውን የፓኬት ፍሰት ወደ ኢሙሌተር ወሰድነው። በ1 ሜጋኸርትዝ 40 ደቂቃው ከ13 ሰዓት በላይ ሆነ፤ ነገር ግን ሁሉንም ምልክት ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻል ነበር። አንድ ፓኬት ሲጣልና ሌላው ሲገባ በአንድ ምት ከተገጣጠሙ፣ ባዶ ቦታ የሚቆጥረው ቆጣሪ አንዷን ቦታ ይዘነጋ ኖሯል። ቦታዎቹ አንድ በአንድ ጠፍተው እስኪያልቁ ድረስ 40 ደቂቃ ወሰደ። ስህተቱ የተሠራው ከመቆሙ ብዙ ቀድሞ ስለሆነ በ6.5 ሚሊሴኮንድ መስኮት ሊገኝ አይችልም ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስህተቱን መጀመሪያ ያወጣው ፕሮቶታይፑ ነው። በሲሙሌተር 40 ደቂቃውን መሮጥ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር።

ፕሮቶታይፕ የሚደብቀውም ስህተት አለ። ኤፍፒጂኤ ሲነሣ ፍሊፕ-ፍሎፖቹ (እያንዳንዳቸው አንድ ቢት የሚይዙ ክፍሎች) የታወቀ ዋጋ ይዘው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 0። እውነተኛው ቺፕ ኃይል ሲያገኝ ግን የትኛው ዋጋ እንደሚይዝ አይታወቅም። ሪሴቱ (ወደ መነሻ ዋጋ የሚመልሰው ትእዛዝ) የተረሳ ሬጅስተር በሰሌዳ ላይ ለወራት ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ያልታወቀ ዋጋን የሚከታተል ሲሙሌተር ያስፈልጋል ያልኩት ለዚህ ነው።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይኸው ነው። የአርቲኤል ኮዱ (ንድፉ የተጻፈበት ኮድ) ገና በየቀኑ የሚቀየር ከሆነ ፕሮቶታይፕ አትግዙ፤ የኮምፓይሉ ሰዓት ይበላችኋል። ንድፉ ትንሽ ሆኖ በአንድ ኤፍፒጂኤ ከገባ ጥሩ ሲሙሌተርና አንድ ሰሌዳ ይበቃችኋል። ንድፉ ትልቅ ሆኖ ሶፍትዌሩ ከባድ ከሆነ ኢሙሌተርም ፕሮቶታይፕም ያስፈልጋሉ፤ ኢሙሌተሩ በዋጋ ከሁሉ የላቀ ስለሆነ ግን ለተወሰኑ ወራት መከራየትን አስቡበት።

ከመፈረማችሁ በፊት የሻጩን ማሳያ ሳይሆን የራሳችሁን ንድፍ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ደቂቃ ሮጦ የሚገለጥ ስህተት ቅበሩበትና ሰዓት ያዙ፦ ሥራው ከቆመበት ቅጽበት አንሥቶ መንስኤው በስክሪኑ ላይ እስኪታይ ድረስ።