ዓሣው ግሩም ነው፣ የእንጀራዋን ነገር ግን ልንገራችሁ

የቤቱን ስም አልጠራም። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ዓሣ የሚወድ ሰው መዓዛው ራሱ ይመራዋል።

ሂሳብ መጣ። ሁለት ሙሉ ጥብስ፣ እያንዳንዱ 450 ብር። ሁለት ለስላሳ። ከታች ደግሞ በእስክሪብቶ ተጭኖ «ተ/እንጀራ 60» ይላል። መጀመሪያ የሰው ስም መሰለኝ። እንደ ተክለሃይማኖት ያለ። ለካ «ተጨማሪ» ማለት ነው።

«ወንድሜ፣ ይቺ አንዲት እንጀራ ናት 60 ብር?» አልኩት አስተናጋጁን። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጠየቅኩት፣ ጎረቤት ጠረጴዛ እንዳይሰማ። እሱ ግን ለሁሉም እንዲዳረስ አድርጎ መለሰ፦

«ጋሼ፣ ከውጪ መጥታችሁ ለ60 ብር ትከራከራላችሁ?»

ሰዉ ዞረ። ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሲከፋት እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ከውጪ? እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ የሸበትኩ ሰው ነኝ። ከከተማዋ የወጣሁበት ጊዜ ቢደመር ዓመት አይሞላም። በከፊል ጥፋቱ የራሴ ነው። ዓሣው እስኪጠበስ ስልኬን አውጥቼ የኮፐንሃገንን ፎቶ ከባለቤቴ ጋር እያየን እንስቅ ነበር። ልጁ ለስላሳውን ሲያመጣ «የት ነው ጋሼ?» አለኝ። እኔም ሞኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ዴንማርክ» አልኩ። በልቡ ያሰላው ያኔ ይመስለኛል። ትኬቱን የላከችልን ስዊድን የምትኖረው የባለቤቴ እህት መሆኗን በምን ይወቅ።

እንጀራዋ እንዴት እንደመጣችም ልንገራችሁ። አልጠየቅንም። ከዓሣው ጋር የቀረበችው ስስ ነበረችና ቶሎ አለቀች። ልጁ ራሱ መጥቶ ፈገግ ብሎ «ልጨምር?» አለን። በኔ አማርኛ «ልጨምር?» ግብዣ ነው። እናቴ ስትለው ግብዣ ነበር፣ አማቴም ስትለው ግብዣ ነው። ለካ ሽያጭ ኖሯል። ገንዘቡም አናዶኛል፣ አልዋሽም። ግን «ልጨምር?» የምትለዋን ቃል ሂሳብ ላይ ሳገኛት ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ያለው እዚሁ ከተማ ነው። እዚያ ግብር ሲበላ ማን ስንት እንጀራ እንደጨመረ የሚጽፍ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የባሰው ደግሞ ይኸው ነገር ኮፐንሃገን ላይ ገጥሞን ስቀንበት መምጣታችን ነው።

የምናድረው ስዊድን፣ ማልሞ ነበር፣ የኮፐንሃገንን ሆቴል ዋጋ ሰምተን። ጠዋት ባቡር እንይዛለን፣ ባሕሩን በኦረሱንድ ድልድይ እንሻገራለን። በ40 ደቂቃ ገደማ የሌላ አገር ዋና ከተማ ውስጥ ነን። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እንደመውረድ ነው፣ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት የለውም እንጂ። ሐረጎን ከተማው ውስጥ አገኘነው። በፈረንጆች 1642 ተሠርቶ ያለቀ ክብ ግንብ አለ። በደረጃ ፋንታ ጠመዝማዛ መንገድ ነው ያለው፣ 7 ጊዜ ተኩል ዞሮ አናት ላይ ያወጣል። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል። እኩሌታው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ «እዚህ ድረስ መጥቼም ሐረጎን ልወጣ?» አለች። ወጣች ግን። እግሯ ጫፉ ላይ የዓሣ ክንፍ የሆነባትን የሴት ሐውልትም አየን። ከ1913 ጀምሮ ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቁመቷ 1.25 ሜትር ብቻ ነው። ባለቤቴ ዙሪያዋን ፎቶ ለማንሳት የሚጋፋውን ሕዝብ አይታ «ምነው ሸዋ! ለዚህች ነው?» አለች።

ምሳ ኒውሃቭን ቦይ ዳር ሆነ፣ ቀይና ቢጫ የተቀቡት ቤቶች ፊት ለፊት። ስሞርብሮድ አዘዝን። ክዳን የሌለው ሳንድዊች በሉት። ጥቁር ዳቦ ላይ በኮምጣጤ የቆየ ቀዝቃዛ ሄሪንግ ዓሣ ይጋደማል፣ ሽንኩርት ይነሰነስበታል። በቢላና በሹካ ነው የሚበላው። እኔ ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ አንዴ ጎርሳ «መጥበሱን ረስተውት ነው» ብላ ወደኔ ገፋችው። ውሃ ጠየቅን። አስተናጋጇ ከመሄዷ በፊት ሜኑው ላይ በጣቷ አሳየችን፦ የቧንቧ ውሃ ነው፣ 25 ክሮነር ይከፈልበታል። በብር ስመታው ከ500 በላይ ሆነብኝ። ባለቤቴ ደግሞ ያደገችው ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው። «ሰፈሬን በብርጭቆ እየሸጡልኝ ነው» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ውሃውን ተውነው። ቦርሳችን ውስጥ ከማልሞ የሞላናት ጠርሙስ ነበረች።

ደሴ ከገባን በኋላ ይህን ታሪክ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለጎረቤት፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው፣ ለፀጉር አስተካካዬ። «እኛ አገር ውሃና እንጀራ ተጨመረ ተብሎ አይቆጠርም» እያልኩ። በሁለት ሳምንቴ አፌን በ60 ብር ዘጉልኝ። ያቺ የኮፐንሃገኗ ልጅ ግን ቢያንስ ቀድማ ነግራናለች፣ ያውም ሰው ሳታሰማ።

ወደ ዓሣው ልመለስ። እሱን መካድ አይቻልም።

ከሐይቅ ከተማ የመጣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በረዶ ውስጥ ከርሞ የመጣ ዓሣ አይደለም፣ ምላስ ይለየዋል። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሏል። ጨውና ቅመሙ በትልትሉ ገብቶ አጥንቱ ድረስ ደርሷል። ቆዳው ቀርጨም ቀርጨም ይላል፣ ውስጡ ግን ነጭና ለስላሳ፣ ሲከፈት እንፋሎት የሚያወጣ። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር በልቻለሁ። ባሕር ዳርም በልቻለሁ። እዚያ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ይቀድማል፣ እዚህ ዓሣው ነው የሚቀድመው። አዋዜው ሎሚ ተጨምቆበታል፣ አፍ አያቃጥልም፣ ግንባር ግን ያላብሳል። ባለቤቴ ጭንቅላቱን ለማንም አትሰጥም፣ ለኔም። ያን ቀን እየተናደደች እንኳ ጉንጩን ለቅማ ጨርሳለች። ሄሪንግን የገፋች ሴት ናት ይህቺ።

ስለዚህ ሁለተኛ አልረግጠውም ብዬ ከወጣሁ በኋላ በአሥረኛው ቀን ተመለስኩ። ባለቤቴ ናት «ዓሣው ምን አደረገህ?» ያለችኝ። ሁለት እንጀራ ከቤት በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። ለመናደድ ተዘጋጅተን ነው የገባን።

እጅ መታጠቢያው በላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ተጨማሪ እንጀራ 60 ብር»። እኔ ብቻ አይደለሁም የጮህኩት ማለት ነው። ልጁ ያው ነው። እንጀራችን ሲያልቅ መጣ፣ ጎንበስ አለ፦ «ጋሼ፣ ልጨምር? 60 ብር ነው።»

ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠበቅኩም። ባለቤቴን አየኋት፣ ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ወንበሩ ስር ገፋች።

«ጨምር» አልኩት።

60 ብር አሁንም ብዙ ነው። ዓሣውም ያን ቀን ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር።