«ሲምፎኒ ኢን ሲ» ወይስ «ቴም ኤንድ ቫሪየሽንስ»?

የዳንስ ቀማሪው ጆርጅ ባላንሺን ሁለቱንም ባሌቶች የሠራው በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ሁለቱም ታሪክ አይተርኩም። ልዕልት የለችም፣ ጠንቋይ የለም። ያለው ሙዚቃና ዳንስ ብቻ ነው።

«ሲምፎኒ ኢን ሲ» መጀመሪያ የታየው በፓሪስ ኦፔራ ነው። ሙዚቃውን ፈረንሳዊው አቀናባሪ ቢዜ የጻፈው በ17 ዓመቱ ነው (እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ ዕድሜ!)። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ መሪ ጥንድ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰብስበው መድረኩን ሲሞሉት ልብ ይሞላል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሁለተኛው ክፍል ነው። ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ በቀስታ ያዜማል። ባሌሪናዋ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ሌላውን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ ታጎነብሳለች።

«ቴም ኤንድ ቫሪየሽንስ» በኒው ዮርክ ለዳንሰኞቹ ለአሊሲያ አሎንሶና ለኢጎር ዩስኬቪች የተሠራ ነው። ሙዚቃው የቻይኮቭስኪ። እዚህ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ጥንድ ትከሻ ላይ ነው። ወንዱ ዘሎ አየር ላይ ሁለቴ ይዞራል፣ እንዳረፈ በአንድ እግሩ ይሽከረከራል፣ ወዲያው ደግሞ ይዘላል። ማረፊያ የለውም።

ባሌት አይቶ ለማያውቅ ሰው «ሲምፎኒ ኢን ሲ»ን እመርጥለታለሁ። አንድ ዳንሰኛ እስከ የት እንደሚችል ማየት ለሚፈልግ ግን ሁለተኛውን፣ ያለ ጥርጥር።