ደብረ ማርቆስ ላይ ፓወር ሰፕላይና ግራፊክስ ካርድ በእምነት የሚሠራ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የማርቆስና የአካባቢው ልጆች። በተለይ በሰርግ ቪዲዮ ሥራ ላይ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ፤ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ላመሰግን ነው።

የምሠራበት ማሽን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር ነው። ቪዲዮ ቶሎ እንዲያወጣልኝ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የሚባል ግራፊክስ ካርድ (የምስልና የቪዲዮ ሥራ የሚያፋጥን ክፍል) ገዛሁለት። ካርዱ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ ከማሽኑ ጋር የመጣው 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው) ግን ይህ ገመድ የለውም። አንድ ቤት ጠየቅኩ፤ «ከሳታ (ከሃርድ ዲስክ የኃይል ገመድ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አለ፣ አሁኑኑ እንገጥማለን» አሉኝ። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን ሸጠህ አዲስ ግዛ አለኝ።

ይህ ልጅ ማሽኑን ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ አዳፕተሩን ብገጥምልዎ ዛሬ ይሠራል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ገመዱ ሊቀልጥብዎት ይችላል» አለኝ። አንዱ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ገደማ ነው፤ 8 ፒኑ ግን እስከ 150 ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው። ካርዱ ብቻውን 125 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ 84 ዋት እንደሚወስድ ወረቀት ላይ ደምሮ አሳየኝ። በደቂቃዎች ሠርቶ ገንዘብ ሊቀበልበት የሚችለውን ሥራ ነው እንቢ ያለው። ለዚያ ቀን ምርመራም ምንም አላስከፈለኝም።

ፓወር ሰፕላይ ስንመርጥ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አላመነም። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አነበበ፦ 500 ዋት ተብሎ የ12 ቮልቱ መስመር 20 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው 240 ዋት ነው። አንዱን በዚህ ምክንያት መልሶ 550 ዋት የሆነ ደህና ዕቃ አስመጣልኝ። የዚህ ዴል ማዘርቦርድ ዋና የኃይል መሰኪያ የተለመደው 24 ፒን ሳይሆን 8 ፒን ነው፤ ለእሱ የሚሆነውንም መቀየሪያ አብሮ አመጣ። የካርዱን ርዝመትም ከኬዙ ጋር አስቀድሞ ለክቶ ነበር።

ከገጠመ በኋላ የራሴን የሰርግ ቪዲዮ ከፍቶ ሙሉው እስኪወጣ ድረስ አሠራው፤ ሙቀቱን እያየ፣ ገመዶቹን በእጁ እየዳሰሰ። ሂሳቡን የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ በተነጋገርነው ዋጋ። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይም ጠቅልሎ መለሰልኝ።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ከተማችን ውስጥ እያለ ካርድ ለማስገጠም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ከደጀን፣ ከብቸና፣ ከፍኖተ ሰላምም ብትመጡ ድካማችሁ አይባክንም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ እግዜር ያክብርልኝ።

ስልኩን በአደባባይ መለጠፍ ስላልፈለግኩ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ካርዱንም ማሽኑንም አብራችሁ ያዙ፤ ሁለቱን ሳያይ ዋጋ አይናገርም።