ሱሉልታ መንገድ ላይ ላላችሁ፦ በረዶውን ከደጃችን ያነሳልንን ልጅ ላመስግን

ሰላም ጎረቤቶች፣ እንዴት ከረማችሁ? ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ሰው ለሚፈልግ ደግሞ ልጠቁመው ብዬ ነው። ከእንጦጦ ወዲህ ማዶ፣ ሱሉልታ መንገድ ላይ ቤት ያላችሁ ክረምት ምን እንደሚያደርገን ታውቃላችሁ። ጽሁፉ ትንሽ ይረዝማል። የሠራልን ሥራ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም።

የኛ ቤት ከመንገዱ በታች ነው። ስንሠራው ከመንገዱ እኩል ነበር። በኋላ ገረጋንቲ እየተደፋ፣ ኮብልስቶን እየተነጠፈ መንገዱ ከፍ አለና እኛ ጉድጓድ ውስጥ ቀረን። ብዙዎቻችሁ ይህ ነገር ደርሶባችኋል። ከውጭው በር እስከ በረንዳው 14 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። መንገድ ላይ የወረደ ውሃ ሁሉ ማረፊያው የኛ ግቢ ሆኗል።

ነሐሴ 12 ነበር፣ የቡሄ ዋዜማ። ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው ሄደዋል። ሙልሙሉ ተጋግሮ ቤቱ በመዓዛው ታውዷል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ጠቆረ። ከዚያ በረዶው መጣ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ የምትለው አይሰማኝም ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ወረደ። ሲያባራ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ግቢው በሙሉ ነጭ ሆኗል። ዝቅ ባለው በኩል ተከምሮ ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ከሥሩ ደግሞ ውሃ ይንቆረቆራል።

እኛ ጋ በረዶ የሚበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከባህር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ቆላ አገር በረዶው ብዙውን ጊዜ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይቀልጣል። እኛ ጋ ግን ደመናው ቅርብ ስለሆነ እንዳለ ይወርድብናል።

እኔን ያስጨነቀኝ የእናቴ ነገር ነው። 74 ዓመቷ ነው። ዓምና ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አሁን በዎከር ነው የምትራመደው። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ አላት። ያን ቀጠሮ ለማግኘት ስንት ወር ጠብቀናል። በረዶው ሌሊት ቀልጦ ጭቃው ላይ ሲተኛ ግቢው እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ድጥ ነው። ደህና እግር ያለውም ሰው ይወድቅበታል።

እህቴ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው የምትኖረው። በቪዲዮ ደውዬ ግቢውን አሳየኋት። እነሱ አገር በረዶ መጥረግ የክረምት ሥራቸው ነው። ከተማው የግል መኖሪያ ቤት ላለው ሰው በደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠርግ ያስገድዳል። «እንዳታነሺው፣ ግፊው» አለችኝ። «በአካፋ እያነሱ መወርወር ወገብ ይሰብራል። እዚህ በረዶ ሲጠርጉ ልባቸው ቀጥ የሚል ሰዎች አሉ። ብቻሽን እንዳትሞክሪው፣ ሰው ጥሪ።» የነሱ ቀላል፣ እንደ ጥጥ የሚወርድ አመዳይ ነው። የኛ ጠጠር ነው። ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ አንድ አካፋ አንስቼ አየሁት።

ሰው ልጥራ ብልስ በዚያ ሰዓት ማን ይመጣል? የጎረቤታችን ዘበኛ ሲያየኝ «እትዬ፣ ከላይ ቤት ቦይ የሚቆፍሩ ሁለት ልጆች አሉ፣ ልጥራልዎት?» አለኝ። እግዜር ይስጠው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጡ። ስለ አንደኛው ነው የምጽፍላችሁ። ሌላው ሲያግዘው የነበረ ጓደኛው ነው። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፣ ሥራውን የሚመራው ግን እሱ ነው።

ገና ከበሩ ሲገባ እናቴ በመስኮት ስታየው አንገቱን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ ሰላም አላት። እሷም መለሰችለት። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም። «እትዬ፣ ቆጣሪው የት ጋ ነው?» አለኝ። ቆጣሪያችን ከበረንዳው ሥር ነው፣ ውሃው ሊደርስበት አንድ ስንዝር አይቀረውም ነበር። «ዋናውን ያጥፉልኝና እንጀምራለን» አለ። እኔ በድንጋጤ ጨርሶ አላሰብኩትም። ይህችን ነገር ሁላችሁም ያዙልኝ። ግቢያችሁ ውሃ ሲሞላ ማንም እግሩን ከማስገባቱ በፊት መብራቱ ይጥፋ።

እኔ በረንዳው ላይ ያለውን በረዶ እንዲጠርግልኝ ነበር የፈለግኩት። እናቴ የምትረግጠው እሱን ነዋ። እሱ ግን አካፋውን ይዞ በቀጥታ ወደ ታችኛው አጥር ሄደ። ተከትዬ «ኧረ በረንዳውን!» ብለው «እትዬ፣ በረዶው ይጠብቀናል። ውሃው ግን አይጠብቀንም» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በረዶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ውሃው ይዞት ሄዶ በአጥሩ ሥር ባለው የቱቦ አፍ ላይ ከምሮታል። የባህር ዛፍ ቅጠል ተጨምሮበት እንደ ውታፍ ሆኗል። ውሃው መውጫ ስላጣ ወደ ቤቱ ነበር የሚመለሰው። ጓደኛው ፍርግርጉን በዶማ አነሳ። እሱ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ቅጠሉን ከነበረዶው ጎተተው። ውሃው ሲሄድ የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ግቢው ጎደለ።

ውሃው ስንት እንደነበር በኋላ አሰብኩት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 2000 ሊትር ነው። አሥር በርሜል ማለት ነው። ይህ ጣሪያው ብቻ ነው፣ ከመንገድ የሚወርደው አልተቆጠረም።

ከዚያ ነው በረዶውን መጥረግ የጀመሩት። አካፋውን አስቀመጠና «አሮጌ ጣውላ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ለአጥር የተረፈ አንድ ጣውላ ሰጠሁት። ሁለቱ በግራና በቀኝ ይዘው ቁልቁል እየገፉ ወሰዱት። እህቴ በስልክ ያለችኝን ማንም አልነገረው። በእጁ ሥራ ነው ያወቀው። የገፉትን ደግሞ የትም አልደፉትም። እኔ ወደ ጎረቤት አጥር ሥር ይሁን ብዬ ነበር፣ ቅርብ ስለሆነ። እሱ እምቢ አለ። «ነገ ሲቀልጥ እነሱ ቤት ይገባል» አለኝ። አፈርኩ። ከቱቦው በታች፣ ሲቀልጥ ውሃው ወደ ወንዙ በሚሄድበት በኩል ከመሩት።

የቀረውን እንዲያቀልጠው ጨው ላምጣ ወይ ብዬም ጠይቄዋለሁ። እህቴ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት ስላለችኝ ነው። የጌሾውን ተክል አሳየኝ። «ጨው ይሄን ያደርቀዋል። ደግሞ የኛ በረዶ ውሎ አያድርም፣ ለምን ያባክናሉ?» አለኝ። ትክክል ነው። የነሱ በረዶ ሳምንታት ይቆያል፣ መሬት ላይ ይጋገራል፣ እዚያ ጨው ይረዳል። እኛ ጋ ሥራው ውሃውን ማስወጣት ነው።

አሸንዳውንም እሱ ነው ያየልኝ። በረዶና ቅጠል ሞልቶት ወደ ታች ጎብጦ ነበር። እኔ በረጅም እንጨት ልመታው ስል ከለከለኝ። መሰላል ጠይቆ፣ ጓደኛው ከታች ይዞለት፣ በእጁ እየዘገነ አወረደው። ቢመታ ኖሮ ብሎኑ ተነቅሎ ጣሪያው ያፈስ ነበር።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። ይህን ሁሉ ሲሠራ እግሩ ላይ የነበረው ኮንጎ ጫማ ነው። እጁ ባዶ ነው። ቅጠሉን ከቱቦው ሲጎትት ጣቶቹ ቀልተው ነበር፣ መጨበጥ አቃተው። እናቴ በመስኮት አይታ ጮኸችብኝ። «ልጄ፣ ምን ታያለሽ? ውሃ አሙቂለት!» ውሃ አሞቅሁ። እሳት ዳር ተቀምጠው ሙልሙል በሻይ በሉ። እናቴ ከፊታቸው ቁጭ ብላ እንደ ልጆቿ ትቆጣቸው ነበር። «እንቢ ማለት የለም፣ ብላ!» እሱም «እሺ እማማ፣ እሺ» ይላል። በሳምንቱ ሁለት ጥንድ ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት ገዝቼ ሰጠኋቸው። ስትጠሯቸው እናንተም ጓንት መኖሩን ጠይቁ። በረዶ ውስጥ ባዶ እጅ ሰዓት ሙሉ ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሊመሽ ሲል ጨረሱ። በረንዳው ተጠርጓል። ከበረንዳው እስከ በሩ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚበቃ መንገድ አመድ ነስንሰውበታል። አመዱን የጠየቀኝ እሱ ነው፣ ከምድጃው አውጥቼ ሰጠሁት። በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። አልጠራሁትም። «እማማ በደህና እንዲወጡ ላግዝ ብዬ ነው» አለ። እናቴን በቀኝ እሱ፣ በግራ እኔ ይዘን እስከ መኪናው አወጣናት። አንድ ጊዜም አልተንሸራተተችም። ቀጠሮዋን አላለፈችም። ለዚህ ቀን ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለኝ።

የጭቃውን ሥራ የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው ቀብድ ተቀብሎኝ በጭቃው ላይ ገረጋንቲ ደፍቶ ሄዶ ነበር። ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ መሬቱ ዋጠው። ይሄኛው ምክንያቱን አስረዳኝ። የኛ መሬት ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ እያለ ገረጋንቲ ቢደፉበት ይሰምጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በላይኛው በኩል፣ ከበሩ ሥር፣ ከመንገድ የሚመጣውን ውሃ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቆፈረ። ከዚያ የላላውን ጭቃ በባሬላ እያወጡ ጣሉት። ደረቁ አፈር ሲገኝ ትልልቅ ድንጋይ ደረደሩ። ገረጋንቲው ከድንጋዩ በላይ ነው የመጣው። ለሁለቱ ሦስት ቀን ፈጀ። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በጣም ዘንቧል፣ የሰመጠ ቦታ የለም። መኪናው ጎማው ሳይሽከረከር ይወጣል። እናቴ ጠዋት ጠዋት እስከ በሩ ድረስ በዎከሯ ሄዳ ትመለሳለች። ከሰኔ ጀምሮ ይህን አድርጋ አታውቅም ነበር።

ስለ ክፍያው፦ ለበረዶው ቀን ለሁለቱ 1400 ብር ከፈልኩ። እሱ የጠየቀኝ ከዚያ ያነሰ ነው። ለጭቃው ሥራ በቀን ተነጋገርን፣ ድንጋዩንና ገረጋንቲውን እኔ ገዛሁ። ቀብድ አልጠየቀም። ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ድንጋይ ቆጥሮ አስረከበኝ። ክፍያቸውን ሳይመሽ ብትሰጧቸው ጥሩ ነው፣ የሚሄዱበት መንገድ መብራት የለውም።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ፣ በኋላ ቅር እንዳይላችሁ። የኮንክሪት ሥራ አይሠራም፣ አልችልም ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል። መብረቅ እያለ ጣሪያ ላይ አይወጣም፣ እናንተም አታስገድዱት። እሁድ አይመጣም። ስልኩ አንዳንዴ አይሠራም፣ ሰፈራቸው መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ስለሚያልቅበት ነው። ያኔ ደጋግማችሁ ሞክሩ እንጂ ተስፋ አትቁረጡ፣ ስልኩ ሲከፈት መልሶ ይደውላል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም። አስፈቅጄው «የሚያውቁትን ሰው ብቻ ይስጡልኝ» ብሎኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቤታችሁ በየት በኩል እንደሆነ ጨምራችሁ። ጓደኛውንም አብሮ ያመጣዋል። ቦይ ማስቆፈር የምትፈልጉ ግን ቶሎ በሉ። ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ለአጨዳ ወደ ቤተሰቦቹ ይሄዳል፣ እስከ ጥር አይመለስም።

ወንድሜ፣ ይህን ሰው ያነብልህ እንደሆነ፦ እማማ ደህና ናት። ስትመለስ ታያታለህ። ቡና አፍልታ ትጠብቅሃለች።